የሞተ ቴፕ ላመጣ ቅናሽ አለ

የተበላሸ ራዲዮ መክፈት የምታውቁ ሰዎች ካላችሁ አንድ ምክር ልስጣችሁ። ለማንም እንዳትናገሩ። ሥራህ ምንድን ነው ብለው ሲጠይቋችሁ የታሪክ መምህር ነኝ በሉ። የታሪክ መምህርን እሑድ ጠዋት በሩን አንኳኩቶ «እባክህ ይቺን ታሪክ ነካ ነካ አድርግልኝ» የሚለው ሰው የለም። እኔ ግን ሶዶ ውስጥ በቴክኒክ ትምህርት ቤት ኤሌክትሮኒክስ አስተምራለሁ፤ ይህንንም ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ በዚህም ምክንያት ደክሞኛል።

በእኛ ሰፈር «ጠግንልኝ» የሚል ሰው አይገኝም። ጥገና ዋጋ አለዋ! የሚባለው «ነካ ነካ አድርጋት» ነው። መንካት በነጻ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜ ስጸልይ ከጎኔ የቆመው ወንድም «አሜን» ይልና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ካውያዬ አልሞቅ ብላለች» ይለኛል። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ ራዲዮ ከጋቢ ስር ወጥታ ጭኔ ላይ ታርፋለች። ባለቤቴ ምህረት ቤታችንን «ሁለተኛው ኦቶና» ትለዋለች። ልዩነቱ እዚያ ሆስፒታል ካርድ ይወጣል፤ እኛ ጋ ዘው ነው።

የምነግራችሁ ነገር የሆነው የካሴቱ ቴፕ ሊያልፍበት፣ ቪሲዲ የሚያጫውተው ዴክ ሊገባ ሲያኮበኩብ ነው። ጊዜው የስብሰባ ጊዜ ነበር፤ ሁሉም ሰው ይገመግማል፣ ሁሉም ይገመገማል። ያልተገመገሙት ቴፖቹ ብቻ ነበሩ፤ የእነሱም ተራ ደረሰ።

በገበያው ዳር ጋሽ ከድር የሚባሉ ባለሱቅ አሉ። አባታቸው ከስልጤ መጥተው ሶዶ የቀሩ፣ እሳቸው እዚሁ የተወለዱ፣ ወላይትኛ ሲናገሩ የእኛን አዛውንቶች የሚያርሙ ሰው ናቸው። በሰፈራችን ያለው ቴፕ ሁሉ ከእሳቸው ሱቅ የወጣ ነው። አንድ ዓይነት መልክ፣ አንድ ዓይነት ቀለም፣ አንድ ዓይነት እጀታ። ይህን አትርሱብኝ፤ ኋላ ጉድ የሠራኝ እሱ ነው።

ጊፋታ ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ጋሽ ከድር በራቸው ላይ ማስታወቂያ ለጠፉ። ጊፋታ ለማታውቁ፣ መስከረም ላይ የምናከብረው የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ ቤት ይጸዳል፣ የተጣላ ይታረቃል፣ ልጆች ካሉበት ወደ አባታቸው ቤት ይሰበሰባሉ። ማስታወቂያው «የማይሠራ ቴፕ ይዞ ለመጣ ደንበኛ በአዲሱ ዴክ ላይ ከፍተኛ ቅናሽ!» ይላል። ቴፑ እንደማይሠራ ግን ባለሙያ ማረጋገጥ አለበት። አዲስ አበባ ያለው አስመጪ የሞተ ቴፕ ሰብስቦ ምን እንደሚያደርግበት እስከ ዛሬ አልገባኝም። ባለሙያው ማን እንደሆነ ግን እናንተም ገምታችኋል።

በዚያው እሑድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ጴጥሮስ ከማስታወቂያ ሰዓት ላይ ቀንሰው መድረኩን ሰጡኝ። «ወንድማችን ስለ ቅናሽ አጭር ትምህርት ይሰጠናል» አሉ። እኔ ደግሞ መድረክ ስወድ! ክራቫቴን አስተካክዬ ስለ ሸማች መብት አስተማርኩ። ሳትሞክሩ ዕቃ አትውሰዱ አልኩ። ዋስትና ጠይቁ አልኩ። ማስታወቂያ እስከ መጨረሻው መስመር አንብቡ አልኩና ጣቴን ወደ ላይ ቀሰርኩ። ሕዝቡ «አሜን» አለ። ይህን ሁሉ ሳስተምር የጋሽ ከድርን ማስታወቂያ የመጨረሻ መስመር አላነበብኩም ነበር።

በማግስቱ ጋሽ ጴጥሮስ ቴፓቸውን አቅፈው በራችን ላይ ቆሙ።

«ሳሮ፣ ቲቸር» ብለው በወላይትኛ ሰላም አሉኝ።

«ሳሮ፣ ጋሽ ጴጥሮስ። ምን ሆነብዎት?»

«ምንም አልሆነም። ችግሩ እሱ ነው።»

ሰካሁት። ልክ እንደ ሰዓት ይሠራል። መዝሙሩ ኩልል ብሎ ወጣ።

«ታዲያ ምን ልርዳዎት?»

ጋሽ ጴጥሮስ ግራ ቀኝ አዩና ድምፃቸውን ቀነሱ። «የማይሠራ ነው የተባለው። እኔ የሚሠራ ይዤ ሄጄ አይሠራም ብል ውሸት ተናገርኩ ማለት ነው። እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ አልዋሽም። ስለዚህ አንተ ነካ ነካ አድርግና አበላሽልኝ። ያን ጊዜ አይሠራም ስል እውነቴን ነው።»

ስንት ዓመት ሙሉ ሰው የሞተ ይዞ ሲመጣብኝ ኖሬ፣ በጤናው ያለ ዕቃ ይዞ «ግደልልኝ» የሚል ሲመጣ የመጀመሪያዬ ነበር። ልከራከር አሰብኩ፤ ግን ከቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ጋር ስለ እውነትና ውሸት መከራከር ምሳ ያስቀራል። ክዳኑን ከፍቼ አንዲት ሽቦ በፒንሳ ቆረጥኩና ሰጠኋቸው። እሳቸውም መርቀውኝ ሄዱ።

በነጋታው ተመልሰው መጡ። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ያቺን ሽቦ መልሶ የቀጠላት ሰው ቢኖር ትሠራለች አይደል?»

«ትሠራለች።»

«እንግዲያው ተኝታለች እንጂ አልሞተችም። ሕሊናዬ እምቢ አለኝ። ጨርስልኝ።»

የቴፕ ሞተር ሊሸከመው የሚችለው ኃይል ትንሽ ነው። በትምህርት ቤት በየዓመቱ ለተማሪዎቼ «ሞተሩን በቀጥታ ከግድግዳው ሶኬት ጋር ያገናኘ ከክፍሌ ይወጣል» እላለሁ። ያን ቀን እኔው በገዛ እጄ አገናኘሁት። ትርርር አለ፣ ቀጭን ጭስ ወጣ፣ ጸጥ አለ። ጋሽ ጴጥሮስ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔም በቴፑ ጀርባ ላይ በጠመኔ የመስቀል ምልክት አደረግኩ፤ «በባለሙያ ተረጋግጧል» ለማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አትጠይቁኝ። ወሬው በቀጣዩ የጸሎት ስብሰባ ተዳረሰ። ከትምህርት ቤት ስመለስ በረንዳዬ ላይ ሰው ቴፑን አቅፎ ተሰልፎ አገኛለሁ። ሁሉም አማኝ ነው፣ ማንም መዋሸት አይፈልግም፣ ሁሉም እውነተኛ ሞት ይፈልጋል። አንዲት ጎረቤታችን ከመገደሉ በፊት አንድ መዝሙር ለመጨረሻ ጊዜ ልስማበት ብላ አልቅሳ አስጠበቀችን። በግራ በኩል የሚገደሉት፣ በቀኝ በኩል የሚጠገኑት ብዬ ጠረጴዛዬን ለሁለት ከፈልኩ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ስጠግን «አሁንም ይንኮሻኮሻል» የሚሉኝ ሰዎች፣ ስገድል ግን አንድም ቅሬታ አልነበራቸውም።

ያልተደሰተችው ምህረት ብቻ ናት። ማድ ቤት ውስጥ ከሌሎቹ ለየት ያለች ትንሽ ቴፕ አለቻት፤ ከእኔ ጋር ሳንጋባ በፊት የገዛቻት ናት። «የኛንም እንለውጥ?» ብላት፣ «የሚሠራ ነገር አይገደልም። ይቺ ከዚህ ቤት አትወጣም» አለችኝና ድምፁን ከፍ አደረገችው።

በዚህ መሀል አማቴ፣ የምህረት አባት አቶ አንጁሎ፣ ከአረካ በሚኒባስ መጡ። ቴፓቸውን በጋቢ ጠቅልለው እንደ ሕፃን ይዘውታል። ያው የጋሽ ከድር ሱቅ ቴፕ ነው። እኔ በልቤ «እርስዎም?» አልኩ። እሳቸው ግን ሊያስገድሉ አልመጡም።

«ታ ናኣው» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ይህ ቴፕ ታሟል። ድምፁ ይጎተታል።»

ከኮታቸው የውስጥ ኪስ በመሐረብ የታሰረ ካሴት አወጡ። ካሴቱን አውቀዋለሁ። የምህረት እናት ከማረፏ በፊት በነበረው ጊፋታ ልጆቿን በየስማቸው ጠርታ ስትመርቅ፣ አንዱ ልጇ ሳታውቅ የቀዳው ነው። ከዚህ ካሴት ሌላ የቀረ ድምፅ የላትም። እሷ ከሞተች ወዲህ በየዓመቱ ልጆቹ በተሰበሰቡበት ቴፑ ሳይከፈት፣ ምርቃቷ ሳይሰማ ሥጋው አይቆረስም፤ የቤቱ ደንብ ሆኗል። አማቴ ካሴቱን ከተቱና ተጫኑት። ድምፁ ወፍራምና ዘገምተኛ ሆኖ ወጣ፤ የሆነ ሽማግሌ ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ የሚያወራ ይመስላል። ምህረት ከማድ ቤት ብቅ ብላ ፊቷን መለሰች።

«ደክሞት ነው የሚናገረው» አሉ አማቴ። «እሷ ደክሟት አያውቅም።»

ከፍቼ አየሁት። ሞተሩን ከመዘውሩ የሚያገናኘው ላስቲክ ልል ብሏል፤ ሌላ ምንም አልሆነም። «አባባ፣ ቀላል ነው። ላስቲክ ከገበያ ፈልጌ እቀይርልዎታለሁ» አልኩ። ካሴቱን ወደ ኪሳቸው መለሱ። ቴፑን በጠረጴዛው በቀኝ በኩል፣ ከሚጠገኑት ጋር አስቀመጥኩት። «ለጊፋታ ይዘኸው ና» አሉኝ በሩ ላይ ቆመው። «እሷ ሳትናገር አንበላም።»

ቀጥሎ የመጣው የጊፋታ ጽዳት ነው። በእኛ ሀገር ለጊፋታ ቤት ሲጸዳ ቀልድ የለም፤ ዕቃ ሁሉ ደጅ ይወጣል፣ ግድግዳው ይታጠባል፣ አባወራው ራሱ ቶሎ ካልተነሳ ይታጠባል። ምህረት ጠረጴዛዬን አወጣች፣ አጠበች፣ መልሳ አስገባች። ስትመልሰው ቴፖቹን ሁሉ በአንድ ወገን በሥርዓት ደረደረችልኝ። ቀኝና ግራ ምን ማለት እንደሆነ ለእሷ ነግሬያት አላውቅም ነበር።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ከሥራ ደክሜ ገባሁ። የመግቢያ ፈተና ሳርም ነው የዋልኩት። ሰው በረንዳው ላይ ሞልቶ «ቲቸር፣ ቶሎ በል፤ ሱቅ ሊዘጋ ነው» ይለኛል። ተቀመጥኩና በግራ ያለውን እየሳብኩ፣ እያገናኘሁ፣ ትርርር፣ ጭስ፣ ጠመኔ። እጄ ከእኔ ተለይቶ ለብቻው የሚሠራ ነበር የሚመስለው።

በማግስቱ ጠዋት ደግሞ በሩ ሊሰበር ደረሰ። ስከፍተው ጋሽ ጴጥሮስ ከፊት፣ ሕዝቡ ከኋላ ቆሟል፤ አብዛኛው ጀርባው ላይ የጠመኔ ምልክት ያለበት ቴፕ ይዟል። ዴኩ አልቋል። ጋሽ ከድር ያስመጡት ጥቂት ካርቶን ብቻ ኖሯል፤ የማስታወቂያው የመጨረሻ መስመር «ዕቃው እስካለ ድረስ» ይላል።

«ለጋሽ ከድር ምን አላችኋቸው?» አልኩ።

«ማስታወቂያ እስከ መጨረሻው አንብቡ ያለው መምህራችሁ አይደለም ወይ? ብለው መለሱልን» አለች ያቺ መዝሙር ሰምታ ያስገደለች ጎረቤቴ።

ጋሽ ጴጥሮስ ቴፓቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም፤ ቁጣ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። «አሁን አይሠራም። እውነት ነው። ግን ዴክም የለኝም። እስቲ ነካ ነካ አድርጋት።»

እንዴት ብዬ ልንካት! የተቃጠለ ሞተር የሚነካ ነገር የለውም። ይህን ለማስረዳት አፌን ስከፍት ምህረት ከኋላዬ «የአባባ ቴፕ የታለ?» አለችኝ። ወደ ጠረጴዛው ቀኝ ሄድኩ። እዚያ ያሉት ሁለት ካውያና አንድ ራዲዮ ናቸው። ወደ ግራ ሄድኩ። ከቀሩት ቴፖች አንዱን ገለበጥኩት፤ ከሥሩ በምስማር የተጫረ የአማቴ ስም አለ። ከጀርባው ደግሞ የእኔ ጠመኔ።

ከዚያ በኋላ በረንዳው ላይ የነበረው ጫጫታ አልተሰማኝም። ምህረት ቴፑን ከእጄ ተቀበለችና አሸተተችው። የተቃጠለ ሞተር ሽታ ታውቃለች፤ ሰሞኑን ቤቱ ሁሉ ያንኑ ነው የሚሸተው።

«የእናቴን ድምፅ ነው ያቃጠልከው?» አለችኝ።

«ካሴቱ አባባ ኪስ ውስጥ ነው፤ ደህና ነው። የተቃጠለው ሞተሩ ብቻ ነው» አልኩ። እንዲህ ያለ ትክክለኛ መልስ እንዲህ ባለ ሰዓት መስጠት ምን ያህል ሞኝነት እንደሆነ የገባኝ ፊቷን ሳይ ነው። አልጮኸችም። ቴፑን ቀስ ብላ አስቀመጠችና ገባች። ማድ ቤት ውስጥ የራሷን ቴፕ ስታጠፋው ሰማሁ። አፈርኩ። በጣም አፈርኩ።

ሞተር ፍለጋ ወደ ጋሽ ከድር ሮጥኩ። ሌላ ቦታ ይገኛል ብላችሁ አታስቡ፤ ለዚያ ዓይነት ቴፕ የሚሆን ሞተር ያለው በሌላ እንዲያ ዓይነት ቴፕ ውስጥ ነው። ጋሽ ከድር የመጋዘናቸውን በር ከፈቱልኝ። ዴክ የደረሳቸው ሰዎች ያስረከቧቸው ቴፖች ጥግ ላይ ተደርድረዋል።

«ምረጥ» አሉኝ።

ቴስተሬን አወጣሁና አንዱን ለካሁ። ተቃጥሏል። ሌላውን ለካሁ። ተቃጥሏል። ከሥር ያለውን ስቤ ለካሁ፤ እሱም ያው ነው።

«አንድ እንኳ አላስተረፍክም?» አሉኝ ጋሽ ከድር፣ በርጩማ አቅርበውልኝ።

«ጥሩ እየሠራሁ መስሎኝ ነበር።»

«በሙያህ ስሕተት አላገኘሁም» አሉና ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረጉ። «እኔም ጥፋት አለብኝ። ለሁሉም የሚሆን ሞተር ከአዲስ አበባ አስልካለሁ። ግን ከበዓሉ በፊት አይደርስም፤ መኪናው ሁሉ በግና ሰው ጭኖ ነው የሚመጣው።»

በጊፋታ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቁጭ ብዬ ለአማቴ የምለውን እለማመድ ነበር። «አባባ፣ ድንገት…» እላለሁ፤ ድንገት አይደለም። «አባባ፣ ያጋጥማል…» እላለሁ፤ ለማን ነው የሚያጋጥመው? ከሰላምታ በቀር ቃል ያልተናገረችኝ ምህረት ትንሿን ቴፗን ይዛ መጣችና ከፊቴ አኖረቻት።

«ፍታት።»

«ምህረት፣ ይቺ እኮ…»

«ፍታት አልኩህ። ሰፈር ውስጥ የቀረች ጤነኛ እሷ ናት።»

ፈታኋት። የዚች ሞተር የሌላ ፋብሪካ ነው፤ ትንሽ ፈጠን ይላል፤ ግን ከጀርባው ፍጥነቱ የሚስተካከልባት ትንሽ ብሎን አለችው። የአባባን ቴፕ ላስቲክ ቀየርኩ፣ የእሷን ሞተር አሰርኩበት፣ ልሞክረው ስፒናውን ስሰካ መብራት ጠፋ። እስከ ማግስቱም አልመጣም። ሳትሞክሩ ዕቃ አትውሰዱ ብዬ ሕዝብ ያስተማርኩ ሰው፣ ሳልሞክረው ጠቅልዬ፣ ካቻቢቴ ኪሴ ከትቼ አረካ ወረድኩ።

አማቴ ቤት ልጆቹ፣ ምራቶቹ፣ የልጅ ልጆቹ ሞልተዋል። ሥጋው ተንጠልጥሏል፣ ከቆጮ የተሠራው፣ ቅቤ የጠጣው ሙችዋ ቀርቧል፣ ዳጣው ከሩቅ ያስነጥሳል፤ ግን ማንም እጁን አልዘረጋም። አማቴ የመሐረባቸውን ቋጠሮ ፈቱ። ካሴቱን ራሳቸው ከተቱት። በአንድ እጃቸው ቢላዋ እንደያዙ በሌላው ተጫኑት።

ድምፁ ወጣ። ቀጭን ነው። ፈጣን ነው። የምህረት እናት በሕይወት ሳለች የማውቃት ጎርነን ያለ ድምፅ የነበራት ባልቴት ናት፤ ይቺ ግን ሌላ ናት፤ ውሃ ልትቀዳ ስትሮጥ ከጓደኛዋ ጋር የምታወራ ልጃገረድ ናት። ሁሉም እርስ በርስ ተያየ። አንዱ የሚስቴ ወንድም ሳቁን ለማፈን ወደ ግድግዳው ዞረ። ምህረት አንገቷን ደፋች። እኔ ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«ይቅርታ አባባ፣ አንዲት ብሎን ናት፤ አሁን አስተካክላታለሁ» ብዬ ካቻቢቴዬን አውጥቼ ጎንበስ አልኩ።

«አትንካት!»

ቢላዋውን ቀስረው ነበር። ካቻቢቴው ከእጄ ወደቀ። አማቴ ጆሯቸውን ወደ ቴፑ አስጠግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ከዚያ በኋላ የተናገሩት በጣም በቀስታ ነው።

«ሳገባት እንዲህ ነበር። ልክ እንዲህ። እኔ ረስቼው።»

ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። ልጃገረዷ ልጆቿን አንድ በአንድ እየጠራች መረቀች፤ ስትጨርስ የትንሿን ልጇን ባል፣ እኔን፣ ጠራችኝ። «እጁ አይድከም» አለች በፈጣን ወላይትኛ። ምህረት ክንዴን ያዘችኝ። አማቴ እንባቸውን በክንዳቸው ጠርገው ሥጋውን መቁረስ ጀመሩ፤ የመጀመሪያውንም ጉርሻ ለእኔ አጎረሱኝ። ያ ሁሉ ሰው «ነካ ነካ አድርጋት» ሲለኝ ኖሮ፣ በሙያዬ ዘመን «አትንካት» ያለኝ አማቴ ብቻ ናቸው።

ሶዶ ስንመለስ በረንዳው እንደሞላ ጠበቀን። ጋሽ ከድር እንዳሉት ሞተሮቹን አስመጡ፤ እኔም እስኪበቃኝ ድረስ፣ በነጻ፣ እየነካሁ ነው። ማድ ቤት ያለችው የምህረት ቴፕ ብቻ ባዶዋን መደርደሪያው ላይ ተቀምጣለች። ለእሷም ሞተር አስቀርቼላት ነበር፤ ምህረት አልፈለገችም።

«የእኔዋ አረካ ሥራ ላይ ናት» አለችኝ።